ላሕዶ ከመድረክ የወረደ ቀን

ላሕዶ ሻቦን የማያውቅ አሦራዊ ካጋጠማችሁ ወይ ገና አልተጠመቀም፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። ከቃሚሽሊ እስከ ሲድኒ፣ ከሆላንድ እስከ ቺካጎ የእሱ ዘፈን ሳይዘፈንላት የተዳረች ሴት የለችም፤ ካለችም ትዳሯ አልሰመረም። ይህን የምለው ጓደኛው ስለሆንኩ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ከጎኑ ቆሜ ኪቦርድ የነካሁት እኔ ጋብሮ ስለሆንኩ ነው። እሱ ድምፁ ነበር፤ የቀረው ሁሉ እኔ ነበርኩ። እሱም ይህን ያምናል፤ አውጥቶ አልተናገረውም እንጂ።

ከቱርክ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከቱር አብዲን ተነሥተን ስዊድን፣ ሶደርተልዬ ከተማ የገባነው በአንድ ክረምት ነው። በሳምንቱ ቀናት የጭነት መኪና ፋብሪካ ውስጥ ብሎን እናጠብቅ ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሕዝብ እናስጨፍራለን። የመጀመሪያውን ካሴት የቀረጽነው በምንኖርበት ፎቅ ምድር ቤት፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ድምፅ ያሳምራል ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ታዲያ እዚህ አገር የማጠቢያ ተራ ይዞ ሳያጥቡ መውጣት ሰው ከመግደል አይተናነስም፤ ጎረቤታችን ወይዘሮ ጉኒላ እንዳይታዘቡን ብለን አንሶላ ከተትንና ማሽኑን አስነሣነው። ካሴቱ ላይ ከሁለተኛው ዘፈን ጀምሮ የሚሰማው ድምድምታ ከበሮ አይደለም፤ የላሕዶ እናት አንሶላ ነው። ጀርመን ያሉ ሙዚቀኞች “ያንን ከበሮ ከየት አመጣችሁት?” እያሉ ስልኬን ሲያቃጥሉት ከረሙ። “የአያት ቅርስ ነው፣ አይሸጥም” እላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ዓለም የማያውቀው ድካሙን ነው።

የእኛ ሰርግ እንደ ሌላው ሰርግ አይደለም። ሙሽሮቹ አዳራሹን ከረገጡ ጀምሮ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ መስመር ይሠራል። የመስመሩ ራስ መሐረብ ይዞ ያወዛውዛል፤ እሱ በቃኝ ብሎ መሐረቡን ለሌላ እስኪሰጥ ድረስ ዘፈን አይቋረጥም። በተለይ ሙሽሪት ያለችበት የመጀመሪያ መስመር ከተቋረጠ ገደቢስ ነው፤ አማት አትረሳውም። ዘፋኙ ታዲያ አንዱን ጎረምሳ ሲያደክመው ሌላው ይተካል፣ እሱን ሲያደክመው አጎቱ ይነሣል። በመሃል ደግሞ ሰው የመንደሩን ስም መስማት ይፈልጋል። ላሕዶ የመቶ መንደር ስም እየጠራ፣ የማንንም ሳይዘል፣ የተኳረፉ ጎረቤት መንደሮችን አራርቆ እየጠራ ዘፍኖ ያውቃል። አንዴ አርቦ የሚባለውን መንደር ዘልሎ ለሦስት ዓመት የአርቦ ሰው ሰላም አላለውም።

ሠላሳ ዓመት ሰርግ ቤት ስንውል ደግሞ አንድም ቀን ትኩስ ምግብ በልተን አናውቅም። ሕዝቡ ኩትሌውን ሲጎርስ እኛ እንሠራለን። የእኛ ድርሻ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ በወረቀት ሳህን ይቀመጣል፤ ስንደርስበት ሥጋ ያቀፈው ቂንጬ ደርቆ የቢሊያርድ ኳስ ሆኗል። ላሕዶ ይነክሰውና “ጋብሮ፣ እስቲ ይሄ ነገር ትኩሱን ሳለ ምን ይመስል ይሆን?” ይለኛል። “እንዲሁ ነው፣ ብቻ ይፋጃል” እለዋለሁ። እኔ ምን አውቄ።

ታዲያ ባለፈው ሚያዝያ አንድ እሁድ፣ ላሕዶ ቤት ሻይ እየጠጣን፣ ሴት ልጁ አርቤላ አባቷ ፊት ተቀመጠች። አርቤላ የጥርስ ሐኪም ናት፤ የሰው አፍ እንዴት እንደሚዘጋ ታውቃለች። ከሻርቤል ጋር ታጭታ ሰርጉ ለሰኔ ተቆርጧል።

“አባዬ፣ ሰርጌ ላይ እንድትዘፍን አልፈልግም” አለችው።

እናቷ ሳይዴ ማንኪያዋን ጣለች። “አንቺ ልጅ አመመሽ እንዴ? የላሕዶ ልጅ ሰርግ ላሕዶ ሳይዘፍን? ሰው ምን ይላል?”

“ሰው ምን እንደሚል ሳልወለድ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግኩት፣ እማዬ።” ወደ አባቷ ዞረች። “ተመርቄ ነጭ ኮፍያ ያደረግኩ ቀን የት ነበርክ?”

ላሕዶ አሰበ። “ሀኖቨር።”

“የወንድሜ ሰርግስ?”

“እዚያማ ነበርኩ!”

“መድረክ ላይ ነበርክ። ቪዲዮዎቻችን ሁሉ ላይ ድምፅህ አለ፤ አንተ የለህም። ለአንድ ቀን አባት ሁንልኝ። መሐረቡን ያዝና፣ እኔን በእጅህ ያዝና መስመሩን ምራልኝ። ሌላ ስጦታ አልፈልግም።”

ላሕዶ ብርጭቆውን ሲያሽከረክር ቆየ። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታም ኀዘንም አይደለም፤ ሸክም አውርድ የተባለ ግን የት እንደሚያወርደው ያላወቀ ሰው ፊት ነው።

“እሺ” አላት።

“ማልልኝ።”

“በእናቴ አጥንት።”

“ጋሼ ጋብሮ፣ አንተ ግን ትነካልኛለህ” አለችኝ። ምን ታድርግ፣ ያለኔ ሰርግ የለም።

በማግሥቱ ሰኞ ጸጉር ቤቴ መጣ። ሰኞ ዝግ ነኝ። አዎ፣ ጸጉርም እቆርጣለሁ፤ ከዚህ እስከ ስቶክሆልም ያሉ ሙሽሮች በሙሉ በእኔ መቀስ ነው ያለፉት። ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

“ጋብሮ፣ እኔ መጨፈር አልችልም።”

እንዴት እንደሳቅኩ! “አንተ? ሕዝብ ያስጨፈርክ ሰውዬ?”

“ያስጨፈርኩ ነኝ እንጂ የጨፈርኩ ነኝ እንዴ? ልጅ ሆኜ ጣራ ላይ አውጥተው ያዘፍኑኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማን አወረደኝ?”

ሳቄን ዋጥኩ። እውነቱን ነው፤ ላሕዶ መስመር ውስጥ ገብቶ አይቼው አላውቅም።

“ሳይዴ ታስተምርህ።”

“ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከወንድሞቿና ከጎረቤት ጋር ስትጨፍር ከላይ ሆኜ ያየኋትን ሴትዮ አሁን ሄጄ አስተምሪኝ ልበላት? አፈርኩ።” ጉንጩን ዳበሰ። “የፈራሁትን ልንገርህ? እዚያ መሃል ካቃተኝ ሰዉ ‘ይዝፈን! ይዝፈን!’ ብሎ ይጎትተኛል። እኔም እሄዳለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ፣ ጋብሮ። ማይክ ካየሁ እሄዳለሁ። ልጄ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችኝ።”

“ተነሥ” አልኩት። “ዕድለኛ ነህ። የቱር አብዲን እግር በሙሉ እዚህ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። በሕይወቴ ከሰው እግር ሌላ ያየሁት ነገር የለም።”

ሐቅ ነው። ኪቦርድ ነኪ የሚያየው እግር ነው፤ ምቱን ከእግር ጋር ካላጣበቀ ዋጋ የለውም። የእያንዳንዱን መንደር አረጋገጥ፣ ማን ጉልበቱን እንደሚሰብር፣ ማን ተረከዙን እንደሚመታ አውቃለሁ። ወንበሮቹን ገፍተን፣ የራሱን የድሮ ዘፈን ከፍተን፣ ትልቁ መስታወት ፊት ጎን ለጎን ቆምን። የፊት ፎጣ እንደ መሐረብ ሰጠሁት።

“ሁለት ወደዚህ፣ አንዱን ማንሣት፣ አንድ መመለስ።”

“ቀስ በል እንጂ፣ ሰውዬ! ጉልበቴ!”

“ጉልበትህን ሰርጉ ላይ ሊስቅብህ ለሚጠብቀው ለሙሽራው አጎት አሳየው። ይኸው፣ መስታወቱን እይ። ልክ ከመድረክ እንደምናየው አይደለም?”

አፍጥጦ አየ። “ልክ እንደምናየው ነው” አለ፤ ፊቱም ትንሽ ፈካ።

እስከ ሰኔ ድረስ ሰኞ ሰኞ እንዲህ ሆንን። ሲደክመው ወንበሩ ላይ ይቀመጥና በዚያው ያንቀላፋል፤ እኔም አልቀሰቅሰውም። ሰው ተኝቶ ሲታይ ዕድሜው ይናገራል። የስንት ሰርግ ድካም እንደሆነ እንጃ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ፣ ፎጣውን እንደጨበጠ ያንኮራፋል። ያ ድምፅ ያንኮራፋ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ሲነቃ ግን ደግሞ ይነሣል። በመጨረሻው ሰኞ አንድም እግር አልሳተም። እኔ ያስተማርኩት ሰው እንዴት ይስታል?

የሰርጉ ዕለት ፀሐይዋ ትጠልቃለች ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ የስዊድን ሰኔ ነው። ሙሽሮቹ ቤተ ክርስቲያን ዘውዳቸውን ደፍተው፣ ከዚያ ወደ አዳራሹ መጡ። አዳራሹ ከጎማ ቤትና ከሴራሚክ መሸጫ መሃል ነው፤ ግን ስገባበት ቤተ መንግሥት ይሆናል። ሰዉ የትየለሌ ነበር፤ ሶደርተልዬ ውስጥ ቤቱ የቀረ ሰው ቢኖር እሳት አደጋ ጣቢያ ያለው ብቻ ነው፣ እሱም ስዊድናዊ ስለሆነ ነው። የተቀጠረው ዘፋኝ ራምሲን ይባላል፤ ጎበዝ ነው፣ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ጸጉሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

“ጋሼ ጋብሮ፣ ጋሽ ላሕዶ ፊት መዝፈን ያስፈራል” አለኝ ማይኩን እየፈተሸ።

“ከእሱ ይልቅ ከጎንህ የቆመውን ፍራ” አልኩት።

ሙሽሮቹ በእልልታ ገቡ። ላሕዶ ከገበታው ተነሣ። ያለ ማይክ ሳየው እጆቹ የት እንደሚገቡ የጠፋቸው መሰለኝ። የሙሽራው አጎት ዐዚዝ፣ አንገቱ የመኪና ጎማ የሚያህል የምድያት ከተማ ሰው፣ ከጠረጴዛው ጮኸ።

“ላሕዶ! ከሥራህ ውጭ ሳይህ የተባረርክ መሰለኝ!”

“ጡረታ ወጥቼ ነው፣ ዐዚዝ!”

“ማን ፈቀደልህ? እኛ አልፈረምንም!”

ሰዉ ሳቀ። ሳይዴ መሐረቡን ሰጠችው፤ ዳር ዳሩ ጨሌ የተሰፋበት፣ የእናቷ መሐረብ ነው። አርቤላ ቬሎዋን ሰብስባ ግራ እጁን ያዘች፤ ከእሷ ቀጥሎ ሻርቤል፣ ከዚያ ዐዚዝ፣ ከዚያ ሕዝቡ። እኔ ምቱን ለቀቅኩት። ራምሲን አፉን ከፈተ። መስመሩም ወደ ቀኝ ሄደ።

ላሕዶ ወደ ግራ ሄደ።

የእኛ መስመር ከአዳም ጀምሮ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ነገር ግን ፊቱን ወደ መድረክ ያዞረ ሰው ወደ ቀኙ ሲሄድ፣ መድረክ ላይ ላለነው ወደ ግራችን ሲሄድ ነው የሚታየን። ላሕዶ ዕድሜውን ሙሉ ያየው ያንን ነው። እኔም ያየሁት ያንን ነው። ያየነውን ይዘን መስታወት ፊት ቆምን፤ መስታወት ደግሞ ውሸታም ነውና ያንኑ መልሶ አሳየን። በዓለም ላይ ጭፈራን እንዲህ ገልብጦ ሊማር የሚችል ሁለት ሰው ቢኖር እኛ ነን። ጥፋቱ ግን የመስታወቱ ነው፤ እኔ ያስተማርኩት ትክክል ነበር፣ አቅጣጫው ብቻ ነው የተዛባው።

ተጋጩ። ላሕዶ ልጁን በትከሻው ገፋት፣ እሷ ሻርቤልን፣ ሻርቤል ዐዚዝን፤ ዐዚዝን ግን የሚገፋው የለምና ሁሉም ተመልሰው በላሕዶ ላይ መጡ። ጫማው የቬሎዋን ጫፍ ረገጠና “ሽርር” የሚል ድምፅ ተሰማ። ደነገጠና ቆመ። ከዚያ እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ወደ ግራ። እግሩ ሌላ መንገድ አያውቅማ!

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ ከክፉ ሳቅ ግን የበለጠ ያደክማል።

“መድረኩ በዚያ በኩል ነው፣ ላሕዶ!” አለ ዐዚዝ። “እግርህ እንኳ አውቆ ሥራ ቦታው እየሄደ ነው!”

“ይዝፈን!” አለ አንዱ። “ይዝፈን! ይዝፈን!” አሉ ሁሉም፣ ጠረጴዛ እየደበደቡ። ራምሲንም ጨዋ ልጅ ነው፣ ታላቁን አክብሮ ወደ መድረኩ ጫፍ ሄደና ማይኩን ዘረጋለት።

ላሕዶ ማይኩን አየ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ወንበር ሲያይ እንዲያ ነው። እዚህ ላይ ወጥቶ ሁለት ስንኝ ቢል ሰዉ ያብዳል፣ የተቀደደ ቬሎ ይረሳል፣ ዐዚዝ ራሱ ይስመዋል። አንድ እርምጃ ወደ እኛ ተራመደ። መሐረቡ ወደ ወለሉ ተንጠለጠለ። አርቤላ ግን እጁን አልለቀቀችም፤ ክንዷ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ ነበር።

ዘፈኑን ላቆም አልችልም፤ የሙሽሪት የመጀመሪያ መስመር ነው። ራምሲንን ሂድ ልለው አልችልም፤ ሕዝብ ያየዋል። ታዲያ ጋብሮ ምን አደረገ? የሰው ልጅ ኪቦርድ ከሠራ ጀምሮ ያልተደረገ ነገር አደረገ። የፍጥነቱን ቁልፍ ያዝኩና ምቱን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረግኩት።

ዘፈኑ መጀመሪያ ያነከሰ መሰለ። ከዚያ ሽቅብ እንደሚወጣ ሽማግሌ መራመድ ጀመረ።

ራምሲን ዓይኑን አፈጠጠብኝ። “ጋሼ ጋብሮ፣ ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?”

“ማይኩን ወደ አፍህ መልስና ዝፈን።”

“በዚህ ፍጥነት? ይሄ የቀብር ነው!”

“ቀብርህን ሳላደርገው ዝፈን አልኩህ።”

ዘፈነ። አንዷን ቃል ይዞ ሳንባው እስኪያልቅ ይጎትታት ጀመር። ጎረምሶቹ “ምንድነው ይሄ? እንቅልፍ ነው?” እያሉ አጉረመረሙ። ላሕዶ ግን ምቱን ሲሰማ ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ሲሠራ ምቱ ከእጄ አምልጦ እንደማያውቅ እሱ ያውቃል።

ማይኩን ትቶ ተመለሰ።

አርቤላ ኋላ እንደነገረችኝ፣ “አባዬ፣ ሰውን ተወው፤ እግሬን ብቻ እይ” ነው ያለችው። የተቀደደውን ቬሎዋን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰብስባ በነጭ ጫማዋ አሳየችው። ቀኝ። ላሕዶም ቀኝ። ቆመ፣ አሰበ። ግራ ተከትሎ። አንዱን ማንሣት። ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እየዘፈነ እንዳይመስላችሁ፣ “ቀኝ፣ ቀኝ” እያለ ነው። አንዳንዴ እግሩ ወደ ድሮው ልማዱ ይሸሻል፤ ትጠብቀዋለች፣ መስመሩ ሁሉ ይጠብቀዋል። ያን ያህል ሕዝብ አንድ ሰው እግሩን እስኪያነሣ አየር ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ሲጠብቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ያላሰብኩት ሆነ፤ ወይም አስቤዋለሁ፣ እንዳሰብኩት ቁጠሩልኝ። ከግድግዳው ሥር የተቀመጡት አሮጊቶች ተነሡ። ስንት ዓመት በእኛ ፍጥነት ጉልበታቸው የከዳቸው፣ የፈስተቅ ለውዛቸውን እየፈለፈሉ ሌላውን ሲያዩ የኖሩ ሴቶች፣ በትራቸውን ወንበር ላይ አስደግፈው እየተያያዙ ገቡ። የሳይዴ አክስት የቤት ጫማዋን እንዳደረገች ገባች።

“እንዲህ ነበር እኮ ዱሮ የሚጨፈረው!” አለች። “እነዚህ ናቸው በኤሌክትሪክ ያበላሹት!”

ዐዚዝ እንኳ ሳቁን ተወ። ያ አንገቱ እንዲህ በዝግታ ሲሄድ የቅዳሴ ሰልፍ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። ሳይዴ መጥታ ከላሕዶና ከአርቤላ መሃል ገባች፤ በአንድ እጇ ባሏን፣ በሌላው ልጇን ያዘች። ባሏ ጎኗ ቆሞ ሲጨፍር ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። እግሩን አይታ አንገቷን ነቀነቀች።

ለስንት ሰዓት እንደነካሁ አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ጣቶቼ እንጨት ሆኑ። በዝግታ መንካት ከመሮጥ ይከብዳል፤ የሚደበቅበት የለም፣ እያንዳንዷ ድምፅ ብቻዋን ትቆማለች። ላሕዶ መሐረቡን አልሰጥም አለ። ጎረምሶች ሊቀበሉት ሲመጡ “ገና ነኝ” ይላቸዋል። ምቱን ትንሽ ፈጠን ሳደርግበት ቀና ብሎ ይገላምጠኛል፤ ዝቅ አደርግለታለሁ። በኋላ ጉልበቱ እምቢ ሲል መሐረቡን ለሻርቤል ሰጠና፣ አርቤላን ግንባሯን ስሞ ወደ ወንበሩ ሄደ። ያኔ ቁልፉን ወደ ቦታው መለስኩትና አዳራሹ ፈነዳ፤ ጎረምሶቹ ከእስር የተፈቱ ይመስሉ ነበር።

ከመድረክ ሆኜ አየዋለሁ። ጫማውን ከጠረጴዛው ሥር አወለቀ። አስተናጋጇ የኩትሌ ሳህን አስቀመጠችለት፤ እንፋሎቱ እዚህ ድረስ ይታየኛል። ዐዚዝ ክንዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ “በል አሁን፣ ለኛም አንዲት! ለምድያት!” አለው። ሰዉም ደግሞ “ይዝፈን!” ማለት ጀመረ። ራምሲንም ደግሞ ማይኩን ይዞ ቀረበ።

ላሕዶ አፉ ሞልቷል። ጣቱን አነሣ፣ ቆዩኝ ለማለት። አኘከ። ዋጠ። ሌላ ጎረሰ።

“እየበላሁ ነው” አለ።

እረፍት ሳገኝ ወርጄ ከጎኑ ተቀመጥኩ። እግሮቹን በካልሲ ዘርግቶ ቁርጭምጭሚቱን ያሻል።

“ጋብሮ” አለኝ፣ “እነዚህ ሰዎች ይሄን ሁሉ ዓመት እንዲህ ይደክማቸው ነበር?”

“እንጃ፣ አንድም ቀን አልነገሩንም።”

“ወደ ግራ ነው ያስተማርከኝ፣ አይደል?”

“መስታወቱ ነው።”

“እሺ፣ መስታወቱ ነው።” ወደ እኔ አንድ ሳህን ገፋ። “ኩትሌ አስቀምጬልሃለሁ። አስተናጋጆቹ ሊወስዱት ሲሉ አንገታቸውን አንቄ ነው ያስቀረሁት። ብላ፣ ትኩሱ ሌላ ነገር ነው፤ እንዲሁ ነው ያልከኝ ውሸትህን ነው።”

ነከስኩት። ደርቋል። ለእሱ ስነካለት ቀዝቅዟል።

“እንዴት ነው?” አለኝ።

“ይፋጃል” አልኩት።